ለቀብራችን እድር አለን፤ ለእርጅናችንስ?

ስለ ቤተሰብ ቁጠባና ስለ ጡረታ ዝግጅት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት



በአገራችን አንድ ወጣት ትዳር ከመሠረተ በኋላ ከሚፈጽማቸው ማኅበራዊ ግዴታዎች አንዱ እድር መግባት ነው። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ ጤናውም ጉልበቱም ሳይጎድል በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ቢያስታጉል ይቀጣል። «ለምን ስለ ሞት ታስባለህ? እምነት የለህምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ድንኳኑና ወንበሩ፣ የለቅሶው ቤት ምግብ ሁሉ ቀድሞ ስለ ተሰናዳ፣ ድሀውም ሀብታሙም በክብር ይቀበራል። ይህ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው መልካም ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ ከመጨረሻው ደመወዛችን ወይም ከመጨረሻው እርሻችን ጀምሮ እስከ ቀብራችን ቀን ድረስ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት፣ ምናልባትም ሃያና ከዚያ በላይ ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። እድር የሚደርስልን ከሞትን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ላለው የድካም ዘመን ግን ብዙዎቻችን አንዳች የመዋጮ መዝገብ የለንም። ስንጠየቅም «ልጆቼ ጡረታዬ ናቸው» ወይም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም አነጋገሮች እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም የመዘጋጀትን ግዴታ አያስቀሩም። በዚህ ትምህርት ለእርጅና መዘጋጀት ለምን የፍቅርና የፍትሕ ሥራ እንደ ሆነና ከየት መጀመር እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

፩. መዘጋጀት የእምነት ጉድለት ነውን?

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ አስተምሮናል (ማቴ. 6)። የከለከለው ግን ጭንቀትን እንጂ ማሰብን አይደለም። ራሱ ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ በምሳሌ ነግሮናል (ሉቃ. 14)። ዮሴፍም በግብፅ ምድር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ እንዲያከማቹ ያደረገው እግዚአብሔርን ባለመታመን ሳይሆን፣ እግዚአብሔር የገለጠለትን በመታዘዝ ነው (ዘፍ. 41)።

«እንግዲያስ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ ለምን ተወቀሰ?» የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሊነሣ ይችላል (ሉቃ. 12)። መልሱ ሁለቱን ጎተራዎች በማነጻጸር ይገኛል። የዮሴፍ ጎተራ በራብ ዘመን ለግብፅም ለከነዓንም ተከፈተ፤ የባለጠጋው ጎተራ ግን ለራሱ ብቻ ነበረ። ስለዚህ ኃጢአቱ ያለው በማከማቸቱ ሳይሆን በራስ ወዳድነቱና በሀብቱ መታመኑ ላይ ነው።

ልጆች ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ እንዳለባቸው ቤተ ክርስቲያን በግልጽ ታስተምራለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2218 ላይ፣ ልጆች በተቻላቸው መጠን ወላጆቻቸውን በእርጅናና በሕመም ዘመን በቁሳቁስም በመንፈስም እንዲደግፉ ያስገነዝባል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 3 ይህንኑ ይመክራል። ጌታችን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ እያሉ ወላጆቻቸውን ከመርዳት የሸሹትን ሰዎች ገሥጿል (ማር. 7)። ይህ የልጆች ግዴታ ነው። የወላጆችም ግዴታ አለ፤ እርሱም ማዘጋጀት የሚችሉትን ሳያዘጋጁ ሸክማቸውን ሁሉ በልጆቻቸው ጫንቃ ላይ አለመጣል ነው። ዛሬ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ የከበደው ልጅ፣ ወላጆቹን ለመጦር ሲል የራሱን ልጆች ለማስራብ እንዳይገደድ አስቀድሞ ማሰብ የፍቅር ሥራ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት ሬሩም ኖቫሩም በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ሠራተኛ ቤተሰቡን አኑሮ ጥቂት ለመቆጠብና መጠነኛ ሀብት ለማፍራት የሚያስችል ደመወዝ ሊያገኝ እንደሚገባው አስተምረዋል። ስለዚህ ቁጠባ የባለጠጎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛው ክብር አንዱ ክፍል ነው።

፪. ከቤት መዝገብ እንጀምር

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን አንድ ደብተር ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው ለአንድ ወር የገባውንና የወጣውን ሁሉ ይጻፉ። ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለትራንስፖርት፣ ለስልክ ካርድ፣ ለእድር፣ ለቤተ ክርስቲያን አስተዋጽኦ፣ ለመጠጥም የወጣው አንድ ሳይቀር ይመዝገብ። በወሩ መጨረሻ ሁለቱም ያላሰቡትን ቀዳዳ ያገኛሉ።

ከዚያ በኋላ ዕዳ ይታያል። በአራጣ የተወሰደ ብድር ካለ፣ ከቁጠባ ሁሉ በፊት መከፈል ያለበት እርሱ ነው፤ ከአራጣው የበለጠ የሚያፈራ ቁጠባ አይገኝምና። ድግስም ይመዘናል። ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለተዝካር ተበድሮ መደገስ ብዙ ቤተሰቦችን ለዓመታት ያጎበጠ ልማድ ነው። በዚህ ረገድ የቁምስና ምክር ቤቶችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በቃልም በአርአያነትም ሊመክሩ ይገባል።

በመጨረሻም የቁጠባው ድርሻ የሚነሣው በወሩ መጨረሻ ሳይሆን ገቢው በተገኘበት ቀን ነው። «የተረፈኝን አስቀምጣለሁ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው አያገኝም። ድርሻው መቶ ብርም ቢሆን አይናቅ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

፫. ሦስቱ ጎተራዎች

የሚቆጠበውን ገንዘብ በሦስት ጎተራዎች ብንመስለው ለማስተማር ይቀላል። ቅደም ተከተላቸው መጠበቅ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ሳይሞላ ወደ ሦስተኛው በመሮጥ ነው።

የመጀመሪያው ጎተራ፦ ለክፉ ቀን። ይህ ሕመም፣ ከሥራ መፈናቀል ወይም የሰብል መጥፋት በደረሰ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ነው። የቤቱን የሦስት ወር ወጪ ያህል እስኪደርስ ድረስ ይጠራቀም። ቦታውም በፈለግነው ቀን የምናወጣበት የቁጠባ ሒሳብ ይሁን። በባንክና በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ለተቀመጠ ገንዘብ የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ተቋም ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና እንዲሰጥ በደንብ ተቋቁሟል። እቁብ ደግሞ ጥሩ የቁጠባ አስተማሪ ነው፤ ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ሊሆን አይችልም። እቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ዕጣው ሳይወጣ በፊት ይወስን።

ሁለተኛው ጎተራ፦ ጡረታ። ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ግን በአዋጅ የተደነገገው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን (አዋጅ ቁጥር 715/2003)፣ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። በዚህ ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የዘወትር አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሚያገለግልበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው። ደመወዟ 8,000 ብር የሆነ መምህርት በየወሩ 560 ብር ስታዋጣ አሠሪዋ 880 ብር ያዋጣል። በ10 ዓመት አገልግሎት ብትወጣና አማካይ ደመወዟ ያው ቢሆን አበሏ 2,400 ብር ነው። 30 ዓመት ካገለገለች ግን 55 በመቶ፣ ማለትም 4,400 ብር ይደርሳል።

ከዚህ አራት ቁም ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ «መዋጮው ቀርቶ በጥሬው ይሰጠኝ» የሚል ወጣት ሠራተኛ የአሠሪውን 11 በመቶ በገዛ እጁ ይጥላል። ሁለተኛ፣ ደመወዝ በወረቀት ላይ ዝቅ ተደርጎ እንዲጻፍ የሚስማማ ሰው ለዛሬ ጥቂት ቢያተርፍም በእርጅናው ዝቅ ያለ አበል ይቀበላል። ሦስተኛ፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ስንዛወር የቅጥር ደብዳቤያችንን፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችንንና የአገልግሎት ማስረጃችንን መጠበቅ ይገባናል፤ በወረቀት መጥፋት ምክንያት የአገልግሎት ዘመኑን ማስቆጠር የሚቸገር ሰው ጥቂት አይደለምና። አራተኛ፣ ሟች ባለጡረታ ሲሆን ለትዳር ጓደኛው የሚተርፈው ከአበሉ ግማሹ ነው፤ ይህን ለማግኘትም የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ በቁምስናችን በቅዱስ ምሥጢር የተጋቡ ሁሉ ጋብቻቸውን በመንግሥት የክብር መዝገብ ዘንድም ያስመዝግቡ። ይህ ለመበለቲቱ የሚደረግ ታላቅ ቸርነት ነው።

ሦስተኛው ጎተራ፦ ፍሬ የሚያፈራ ሀብት። ጡረታ ያላት መምህርት እንኳ ከደመወዟ ግማሽ በጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ነው የምታገኘው። ጡረታ የሌለው ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም የቀን ሠራተኛ ደግሞ ይህ ጎተራ ከሌለው ሌላ የለውም። ይህን ለመረዳት በእንሰት አገር ያሉ ምእመናኖቻችን የሚያውቁትን እናስታውስ። እንሰት በአንድ ዓመት አይደርስም፤ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ዓመታትን ይፈጃል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ በየዓመቱ ይተክላል፤ በጓሮው የዘንድሮው ችግኝ፣ የአምናው ተክልና ለመፋቅ የደረሰው ጎን ለጎን ይታያሉ። በአንድ ዓመት መትከል የተወ ሰው ጉድለቱ የሚታወቀው በዚያው ዓመት ሳይሆን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የእርጅና ቁጠባም እንዲሁ ነው።

ገንዘብም ጊዜ ሲሰጠው ይበዛል። አንድ ሰው በየወሩ 500 ብር አጠራቅሞ በየዓመቱ መጨረሻ 6,000 ብር ቢያስቀምጥና በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢታሰብለት፣ በ30 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 60 ዓመቱ ቢቀጥል፣ ታክስ ሳይታሰብ 566,000 ብር ያህል ይኖረዋል፤ ከኪሱ ያወጣው ግን 180,000 ብር ነው። በ45 ዓመቱ የጀመረ ሰው 90,000 ብር አስቀምጦ የሚያገኘው 150,000 ብር ያህል ነው። ያስቀመጠው የመጀመሪያውን ግማሽ ቢሆንም ያገኘው ከሲሦው በታች ነው። ልዩነቱን ያመጣው በወለድ ላይ የተወለደው ወለድ ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት ሙሉ እውነት የሚሆነው የዕቃ ዋጋ ሲረጋ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ወለድ 7፣ ንረት 30 በሆነበት ዓመት 100 ብር አድጎ 107 ብር ይሆናል፤ የሚገዛው ግን ቀድሞ በ82 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። ንረቱ ከዚያ ወዲህ ቢበርድም ትምህርቱ አይለወጥም፤ ለሃያ ዓመት የሚቀመጥ ሀብት ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ብቻ መቀመጥ የለበትም።

እንግዲህ በምን ይቀመጥ? ለገበሬው የቡና ችግኝ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንሰትና ከብት ሀብት ናቸው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው የባልንም የሚስትንም ስም መያዙን ማረጋገጥም የዚሁ ዝግጅት ክፍል ነው። ለከተማ ነዋሪው የሚከራይ አንዲት ክፍል ወይም የልብስ ስፌት መኪና ፍሬ ያፈራሉ። ለሁሉም የሚሆነው ደግሞ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ይህ የማኅበር ዓይነት በአገራችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ዘንድ ተጀመረ። በሌላው ዓለምም ካቶሊካውያን በመስፋፋቱ ደክመዋል፤ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የነበሩት ካህን አባ ሞሰስ ኮዲ ድሆች ዓሣ አጥማጆችንና ገበሬዎችን በዚህ መንገድ አደራጅተዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ብቻውን ባንክ የማያበድረው ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ራሱን ያበድራል። ነገር ግን ማኅበሩ በወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት መመዝገቡን፣ ሒሳቡ በየጊዜው መመርመሩን፣ ጠቅላላ ጉባኤውም መጠራቱን ሳናረጋግጥ አንግባ፤ ከላይ የጠቀስነው የተቀማጭ ገንዘብ መድን እነዚህን ማኅበራት አያካትትምና።

አክሲዮን በመጨረሻ ይመጣል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ለዜጎች አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን ጀመረ። ይህ ለብዙዎች አዲስ በር ነው፤ በሩ ግን ወደ ትርፍም ወደ ኪሳራም ያስገባል። አክሲዮን የገዛ ሰው የድርጅቱ ባለድርሻ ስለሆነ፣ ድርጅቱ ሲያተርፍ ይካፈላል፤ ሲከስር አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ በተበደሩት ገንዘብ አይገዛም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ለሚያስፈልግ ገንዘብ አይሆንም፤ ያለንንም ሁሉ በአንድ ድርጅት ላይ መጣል አይገባም።

«ወለድ መቀበል ኃጢአት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ለመምህራን ሊቀርብ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አጥብቃ የምትኮንነው በድሀው ችግር ላይ የሚበለጽገውን አራጣ ነው። ይሁንና ፍራንቸስካውያን እ.ኤ.አ. በ1462 በጣልያን አገር በፔሩጃ ከተማ ለድሆች በመያዣ የሚያበድር ቤት ከፍተው ነበር፤ አምስተኛው የላተራን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1515 እንዲህ ያሉ ቤቶች ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን መጠነኛ ክፍያ መቀበላቸውን ፈቅዷል። ለሥራ በዋለ ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ተገቢ ክፍያና ሰውን የሚያራቁት አራጣ አንድ አይደሉም።

፬. የበግ ለምድ ከለበሱ ተጠንቀቁ

ቁጠባ ባለበት አታላይ አይጠፋም። ምልክቶቹን ለሕዝባችን እናስተምር። በአጭር ጊዜ ገንዘብህ እጥፍ ይሆናል፣ ኪሳራ የለውም የሚል፤ ትርፉ ከሥራ ሳይሆን ሌሎች ሰዎችን በማስገባት የሚገኝ፤ «ዛሬ ካልገባህ ያልፍሃል» እያለ የሚያጣድፍ፤ ፈቃዱን ሲጠየቅ የሚቆጣ፤ እነዚህ ሁሉ የማታለል ምልክቶች ናቸው። በተለይ «ወንድማችን ነው፣ አብረን እናስቀድሳለን» የሚለው መተማመን ለአታላዮች መግቢያ ይሆናል። በአክሲዮንና በመሰል ሰነዶች ንግድ የሚያገናኙ ሰዎች ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ እንዲህ ላለ ቅስቀሳ መድረክ አይሁን።

፭. በሰው አገር ስለሚደክሙ ልጆቻችን

ከየቁምስናው ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጆች አሉን። ከላባቸው የሚልኩት ገንዘብ ጣራ አልብሷል፣ ወንድሞቻቸውን አስተምሯል። ይሁንና ልጅቱ ጉልበቷ ደክሞ ስትመለስ በስሟ አንዳች ሳይቀመጥላት የምትቀርበት ጊዜ አለ። ይህ በደል ነው። ወላጆች ሆይ፣ ከሚላክላችሁ ገንዘብ የታወቀ ድርሻ በልጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስቀምጡላት፤ ምን እንደ ገዛችሁበትም ንገሯት። የእኛ እርጅና የእርሷን ወጣትነት በልቶ መጠናቀቅ የለበትም።

፮. ለቁምስናዎቻችን የቀረበ ጥያቄ

በየገጠሩ ጸሎት ቤት ለዓመታት ሕፃናትን ያስተማሩ፣ ሕሙማንን የጎበኙ፣ ካህን በሌለበት እሑድ ሕዝቡን ለጸሎት የሰበሰቡ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አሉ። ብዙዎቹ የሚቀበሉት መጠነኛ ድጎማ ነው። ዓይናቸው ሲደክምና እግራቸው ሲዝል ምን ይሆናሉ? ስንሞት የምናለቅስላቸው እንጂ በሕይወት ሳሉ የማናስብላቸው ከሆነ፣ ስለ ፍትሕ የምናስተምረው ትምህርት ከአፋችን አይወርድም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የቁምስና ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባው ሦስት ነገሮችን ይመርምር። ቁምስናው፣ ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ የሚያሠሯቸው ሰዎች በጡረታ መመዝገባቸውን ይመልከት፤ ያልተመዘገቡ ቢኖሩ ምን ማድረግ እንደሚቻል ከግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይጠይቅ። ድጎማ ብቻ ለሚቀበሉት መምህራን፣ ቁምስናውና መምህሩ በየወሩ አብረው የሚያዋጡበት የቁጠባ ሒሳብ በመምህሩ ስም እንዲከፈት ይምከር። በመጨረሻም የየመንደሩ እድሮች ከመዋጯቸው ጥቂት ለይተው ጧሪ ያጡ አረጋውያን አባሎቻቸውን በሕይወት ሳሉ የሚረዱበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ከእድር ዳኞች ጋር ይወያይ።

ማጠቃለያ

እድራችን የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መዋጮ ትንሽ ሲሆን፣ ሳይቋረጥ ሲከፈልና በኅብረት ሲሆን ታላቅ ሸክም እንደሚያቀልል ነው። ይህን ጥበብ ከቀብራችን ወደ እርጅናችን እናሻግረው። ጎተራችንንም በስስት ሳይሆን በአደራ እንሙላው፤ ለእግዚአብሔርና ለድሀው የሚገባው ድርሻ ከቁጠባው ጋር አብሮ ይነሣ እንጂ አይዘለል። የዕለት እንጀራችንን የሚሰጠን አምላክ፣ የሰጠንን በጥበብ እንድንይዝ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በዮሴፍ ጎተራና በሉቃስ ምዕራፍ 12 በተጠቀሰው ባለጠጋ ጎተራ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የእኛ ጎተራ የትኛውን ይመስላል?
2. በመንደራችን ጧሪ ያጡ አረጋውያን እነማን ናቸው? ማን ይጎበኛቸዋል?
3. በአካባቢያችን በብድር የሚደገሱ ድግሶችን ለመቀነስ ምን ዓይነት ስምምነት ላይ መድረስ እንችላለን?
4. በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት አብረው አንድ ደብተር ይክፈቱ። ከወር በኋላ ያገኙትን ትምህርት ለቡድኑ ያካፍሉ።